ክኒኑ ደማችሁ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል? የግፊት መድኃኒትን በመጠኑና በሰዓቱ ስለመውሰድ

አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የግፊት መድኃኒት ሊገዛ የሚመጣ ሰው የማይጠይቀኝ ነገር የለም። ዋጋውን ይጠይቃል። የየት አገር ምርት እንደሆነ ይጠይቃል። "ያው የድሮው ነው?" ይላል። "ይሄ ክኒን ደሜ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል?" ያለኝ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለእኔ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ግፊትን የሚያወርደው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ክኒን አይደለም፤ ደም ውስጥ ያለው ነው፣ ያውም በበቂ መጠን፣ ያውም ቀንም ሌሊትም።

በቅርቡ አንድ አባት መጡ። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነው። "ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት አልያዘልኝም፣ ጠንከር ያለውን ስጪኝ" አሉኝ። አስቀመጥኳቸው፣ አምስት ደቂቃ ያህል አረፉ፣ ለካኋቸው፤ 164 በ96። "ጋሼ፣ ክኒኑን ይዘውታል?" አልኳቸው። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የታሰሩ ሦስት ስትሪፖች አወጡ። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ነው፣ በቀን አንድ ፍሬ። 30 ፍሬ የወሰዱት ከ22 ቀን በፊት እንደሆነ ካርዳቸው ላይ ተጽፏል። ባንኮኒው ላይ ዘርግተን አብረን ቆጠርን። አንዱ ስትሪፕ ባዶ ነው። ሁለተኛው አንድ ፍሬ ብቻ ጎድሎታል። ሦስተኛው አልተነካም። 19 ፍሬ። መቅረት የነበረበት 8 ነው።

"ራሴን ሲያመኝ እውጣለሁ እኮ" አሉ። "ደህና በሆንኩበት ቀን ምን ያደርግልኛል?"

ይሄን ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፣ የራሴ እናትም ብላዋለች። ለጋሼ ያስረዳኋቸውን ነው እዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

የምትውጡት ሌላ፣ ደም ውስጥ ያለው ሌላ

ማዘዣው ላይ 5 ሚሊ ግራም የሚለው የምትውጡት መጠን ነው። ከዚያ ወዲያ ክኒኑ ይሟሟል፣ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ ጉበት እየሰባበረ ይቀንሰዋል፣ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው መጠን አንድ ቦታ አይቆምም። ከተዋጠ በኋላ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀጣዩ ክኒን እስኪመጣ ድረስ ይወርዳል።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይሄን በሮቶ ያስበው። ውኃው ሲመጣ ሮቶው ይሞላል። ከታች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይቀዳል። ፈረቃው ቀኑን ጠብቆ ከመጣ ሮቶው አይደርቅም። አንድ ፈረቃ ሲዘለል ወዲያው ባዶ የሚሆን ሮቶ አለ፣ ሌላ ሁለት ቀን የሚያቆይም አለ። የግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ከደም ቶሎ ይወጣል፣ ሌላው ቀስ ይላል።

የዚህ መለኪያ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ወደ ግማሽ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። አምሎዲፒን ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ረጅም ነው። 40 ሰዓት ብለን እናስላው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከሦስት እጅ አንዱ ይወጣል፣ ሁለቱ ይቀራል። ስሌቱ እንዲቀል የዋጣችሁት በሙሉ ደም ገባ እንበል። ሰኞ 5 ዋጣችሁ። ማክሰኞ ጠዋት 3.3 ይቀራል፣ 5 ስትጨምሩበት 8.3 ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት 5.5 ቀርቶ ይጠብቃችኋል፣ ስትውጡ 10.5። ሐሙስ 7 ላይ ጨምራችሁ 12። እንዲህ እያለ ሄዶ ከሳምንት በኋላ ይረጋል፤ ከመዋጣችሁ በፊት ወደ 10፣ ከዋጣችሁ በኋላ ወደ 15። ከዚያ በላይ አይከማችም፣ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ይሆናል።

ይሄን ስሌት አንዴ ካያችሁ ብዙ ነገር ይገባችኋል። ሰኞ ጀምሮ ረቡዕ ለክቶ "አልሠራልኝም" የሚል ሰው ገና ሮቶው ሳይሞላ ነው የሚፈርደው። ደም ውስጥ ያለው ለመርጋት ብቻ ሳምንት ይፈልጋል፣ የደም ሥሮች ደግሞ ከዚያ በኋላም ቀስ እያሉ ነው የሚላመዱት። ሐኪሙ "ከወር በኋላ ተመለስ" የሚለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያም መድኃኒት ሲጀመር ወይም ሲቀየር ግፊቱ እስኪስተካከል በየወሩ ክትትል ይደረግ ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ ቀን ብትረሱ 10 የነበረው ወደ 6.7 ገደማ ይወርዳል እንጂ ዜሮ አይገባም፣ ስለዚህ መደንገጥ አያስፈልግም። አራት ተከታታይ ቀን ስትዘሉ ግን 10 የነበረው ወደ 2 ይደርሳል። ጋሼ ለወር የታዘዘላቸውን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ጥቂት ቀን ይውጣሉ፣ ጥቂት ቀን ይተዋሉ።

የራስ ምታቱ ነገር ደግሞ ይሄውላችሁ። አምሎዲፒን ከተዋጠ በኋላ ደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ራሳችሁን ሲያማችሁ ውጣችሁት በግማሽ ሰዓት ከተሻላችሁ ያሻላችሁ ክኒኑ አይደለም፤ ገና መንገድ ላይ ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። 170 ሆኖ የሚስቅ የሚጫወት ሰው ሞልቷል። ስለዚህ "ሲሰማኝ እወስዳለሁ" የሚለው ነገር ለግፊት አይሠራም፣ የሚሰማችሁ ነገር የለምና።

ሁሉም ክኒን እንደ አምሎዲፒን አይታገስም

ኢናላፕሪል የምትወስዱ ብዙ ናችሁ። እሱ ከተዋጠ በኋላ ጉበት ውስጥ ወደሚሠራው ቅርጽ ይለወጣል፣ የዚያ ቅርጽ ግማሽ ዕድሜ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላ የሚቀረው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። አንዳንድ ሰው ጠዋትና ማታ ተብሎ የሚታዘዝለት ለዚህ ነው። "ሁለቱንም ጠዋት አንዴ ብውጠውስ፣ ያው አይደለም?" ይሉኛል። ያው አይደለም። እጥፍ ስትውጡ እጥፍ ሰዓት አይቆይላችሁም። እጥፉ ወደ ነጠላው መጠን ለመውረድ አንድ ግማሽ ዕድሜ ይፈጅበታል፣ ከዚያ በኋላ የነጠላውን መንገድ ነው የሚከተለው። ትርፉ አንድ ግማሽ ዕድሜ ብቻ ነው። ካፕቶፕሪልን ውሰዱ፤ ግማሽ ዕድሜው 2 ሰዓት ገደማ ነው። እጥፍ ብትውጡት ደም ውስጥ የሚጨምርላችሁ ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው፣ በዚያ ላይ መጀመሪያ አካባቢ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ሊያዞራችሁ ይችላል። ካፕቶፕሪል ምግብም ይጋፋዋል፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ደም የሚገባው ከ30 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ውሰዱት። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ምግብ አይለያቸውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር። ደም ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉን ነገር አይነግረንም። አቴኖሎል የሚባለው የግፊት መድኃኒት ግማሽ ዕድሜው ከ6 እስከ 7 ሰዓት ነው፣ ግን በቀን አንድ ጊዜ የሚወስዱት አሉ፣ ምክንያቱም ደም ውስጥ ከቀነሰ በኋላም ሥራው ይቆያል። ስለዚህ ይሄን አንብባችሁ "ግማሽ ዕድሜው አጭር ነው" ብላችሁ ሰዓቱን በራሳችሁ እንዳትቀይሩ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ያላችሁ ደግሞ በድንገት አታቋርጡ። ልብ በኃይል ሊመታ፣ የልብ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ደረቱን ሊያመው ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ቀስ በቀስ ነው፣ እሱም በሐኪም።

ኒፌዲፒን ስትወስዱ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት አትሰባብሩ፣ አታኝኩ። ሙሉውን ዋጡ። እሱ የተሠራው ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ እንዲለቀቅ ነው። ስትሰባብሩት የቀኑ መጠን በአንዴ ደም ይገባል። ፈጣኑን ኒፌዲፒን ግፊት ሲያሻቅብ ከምላስ ሥር ማድረግ ድሮ የተለመደ ነበር፣ አሁንም የሚመክር ጎረቤት አይጠፋም። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች ትተውታል። ግፊቱን በድንገት ከልክ በላይ ጥሎ ስትሮክና የልብ ሕመም ያስከተለባቸው ሰዎች አሉ።

የሽንቱ ክኒንና የጅቡቲ መንገድ

አዳማ የሹፌሮች ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ደንበኞቼ ናቸው። አንዱ የታዘዘለት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፣ ሁላችንም የሽንት ክኒን የምንለው። "በወር ስንት ቀን ዘለልክ?" አልኩት። "መንገድ የወጣሁበትን ቀን በሙሉ" አለኝ። መኪናውን በየሰዓቱ ማቆም አይችልማ፣ ልክ ነው። ችግሩ ግን በወር ውስጥ መንገድ የማይወጣበት ቀን ስንት ነው? ክኒኑን የሚውጠው ቤቱ ሲያርፍ ብቻ ነው፣ ያኔ ደግሞ ግፊቱን የሚለካው እኛ ጋ መጥቶ ነው። ስለዚህ የምናየው ቁጥር የእረፍት ቀን ቁጥር ነው። አፋር በረሃ ላይ ያለውን ማንም አላየውም።

ይሄ ክኒን ሽንት ማብዛት የሚጀምረው በተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በ4 ሰዓት ገደማ ይበረታል፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ድረስ ይቆያል። ሰዓቱን ካወቃችሁ ፕሮግራማችሁን ታስተካክላላችሁ። ለዚህ ልጅ የነገርኩት ዝም ብሎ መዝለሉን ትቶ ለሐኪሙ "ሥራዬ ይሄ ነው" ብሎ በግልጽ እንዲናገር ነው። ሽንት የማያበዛ ሌላ መድኃኒት ሊቀየርለት ይችላል፣ ወይም የሚወስድበት ሰዓት ከጉዞው ጋር ሊስማማ ይችላል። ነገሩ ቀላል ነበር፣ ሳይናገረው ብዙ ወራት አለፉ። ሌላው ሰው ይሄን ክኒን ጠዋት ይውሰድ፣ ማታ ከወሰዳችሁት እንቅልፍ የለም።

ስለ ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ ለሌሎቹ ክኒኖች "ማታ ይሻላል ወይስ ጠዋት?" የሚለው ጭቅጭቅ ብዙ አያስጨንቃችሁ። እንግሊዝ አገር ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ጠዋት በሚወስዱና ማታ በሚወስዱ ሰዎች መካከል በልብ ሕመምም ሆነ በስትሮክ ልዩነት አላገኘም። የማትረሱበትን ሰዓት ምረጡ፣ ከዚያ አትቀያይሩት። ቡና ሲፈላ፣ ጥርስ ስትፋቁ፣ የጠዋት ዜና ሲጀምር። እናቴ ክኒኗን ከስኳር ዕቃው አጠገብ ነው የምታስቀምጠው፣ ሻይ ሳትጠጣ ውላ አታውቅምና።

"ታዲያ ደሜን ለምን አይለኩልኝም?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን በላቦራቶሪ የሚለካላቸው መድኃኒቶች አሉ፣ ለልብ የሚሰጠው ዲጎክሲን ወይም ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ለምሳሌ። እነሱ ላይ በሚያክመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፣ ውጤቱንም ከውጭ በቀላሉ መለካት አይቻልም። ለግፊት ግን መለኪያው ክንዳችሁ ላይ አለ። አንድ ዓይነት መጠን ደማቸው ውስጥ ያለ ሁለት ሰዎች ግፊታቸው እኩል ላይወርድ ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው አምሎዲፒንን ቀስ ብሎ ስለሚያስወጣ በዚያው ክኒን ደሙ ውስጥ የሚገኘው ከ40 እስከ 60 በመቶ ከፍ ሊል ይችላል፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰውም እንደዚያው። ለዚህ ነው ለአዛውንት በ2.5 የሚጀመረው። ዋናው ቁጥር የግፊቱ ቁጥር ነው፣ የመድኃኒቱ አይደለም።

ሐኪሙ የሚያዘው የደም ምርመራ ሌላ ነው። ፖታሺየምና ክሬቲኒን የሚባሉት ኩላሊታችሁ መድኃኒቱን እንዴት እንደያዘው ያሳያሉ። ኢናላፕሪል ፖታሺየም ሊያበዛ ይችላል፣ የሽንት ክኒኑ ደግሞ ሊያሳንሰው። "ደሜን አይተውታል፣ መድኃኒቱ በቂ ነው አሉ" ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

አለካኩ ግን ወሳኝ ነው። መድኃኒታችሁ ሃያ አራት ሰዓት መያዙን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጠዋት ተነስታችሁ፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ክኒኑን ከመዋጣችሁ በፊት ለኩ። ያ ሰዓት ሮቶው ዝቅ ያለበት ሰዓት ነው። እዚያ ላይ ግፊቱ ልክ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ልክ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ክኒኑን ውጣችሁ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብቻ የምትለኩ ከሆነ ግን ሁልጊዜ ጥሩውን ሰዓት ነው የምታዩት። ከመለካታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም ይቅር፣ ጫትማ ጭራሽ አይነሳ፣ ግፊትን በራሱ ከፍ ያደርጋል። ጀርባችሁን ወንበር አስደግፉ፣ እግራችሁን መሬት አሳርፉ፣ አታጣምሩት፣ ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በልብ ቁመት ይሁን። አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለኩ፣ ሁለቱንም ጻፉ። ማታም እንደዚሁ። ቤት ውስጥ የተለካ አማካይ ከ135 በ85 በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል ማለት ነው፣ ጤና ተቋም ውስጥ ድንበሩ 140 በ90 ነው። የቤት መለኪያ የሌላችሁ አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ክኒኑን ሳትውጡ፣ ይዛችሁት ሂዱ፤ ተለክታችሁ እዚያው ትውጡታላችሁ።

አንድ ልማድ አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ሁለት ሳምንት ሳይውጥ ከርሞ ቀጠሮው ሲደርስ ሦስት ቀን በትጋት ይውጣል። ሐኪሙ መሃል ላይ ያለ፣ ምንም የማይነግረው ቁጥር ያያል። አንዳንዴ "አልወረደም" ብሎ መጠኑን ያሳድጋል። 5 የነበረው 10 ይሆናል። ከዚያ ልጅቷ ከአዲስ አበባ መጥታ "አባዬ በየቀኑ ነው" ብላ እየቆጠረች ስትሰጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ መጠኑን ያገኛል፣ ያውም እጥፉን። ሲነሳ ይዞረዋል፣ መታጠቢያ ቤት ይወድቃል። ጥፋቱ የክኒኑ ይመስላል። ስለዘለላችሁት ቀን ለሐኪም እውነቱን መናገር የሚያስፈልገው ለመወቀስ አይደለም፣ ለዚህ ነው።

እጥፍ ክኒን እጥፍ አያወርድም

ይሄ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 354 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው አይተው ነበር። መደበኛው መጠን የላይኛውን ቁጥር በአማካይ 9 ያህል ያወርዳል። ግማሹ መጠን ደግሞ 7 ያህል። ግማሽ ብትውጡ ግማሽ አይደለም ያገኛችሁት፣ ከአምስት እጅ አራቱን ነው። መልሳችሁ አስቡት፤ መጠኑን እጥፍ ስታደርጉ የምትጨምሩት ጥቂት ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን እንደዚያ አይቆጥብም። በአምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ማበጥ፣ በሽንት ክኒኑ ፖታሺየም መውረድ ከመጠኑ ጋር አብሮ ነው የሚያድገው። የኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ደግሞ ሌላ ነው፣ በትንሹም በትልቁም ይመጣል፣ ግማሽ በመዋጥ አታመልጡትም፤ ካስቸገራችሁ ይቀየራል።

ስለዚህ ሐኪማችሁ አንዱን ከማሳደግ ይልቅ ሁለተኛ መድኃኒት በትንሽ መጠን ሲጨምር "በሽታዬ ባሰ" ብላችሁ አትዘኑ። በሁለት መንገድ በጥቂት በጥቂቱ መግፋት አንዱን መንገድ ከማጨናነቅ የተሻለ ነው። እኔ በዚህ በጣም አምናለሁ፣ ባንኮኒው ላይም በየቀኑ አየዋለሁ።

የረሳችሁ ቀን

በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነና ስታስታውሱት መዋጫው ሰዓት ካለፈ ገና 12 ሰዓት ካልሞላ፣ እዚያው ዋጡት። ከዚያ በላይ ካለፈ ተዉትና የሚቀጥለውን በሰዓቱ ውሰዱ። ሁለት ፍሬ በአንዴ አይዋጥም። ለትናንቱ ማካካሻ ብሎ ነገር የለም።

ከክኒኑ ጋር የሚጋጩ ነገሮች

ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጉበትን ያፈጥነዋል፣ አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ደም ውስጥ ሳይቆዩ እንዲጠፉ ያደርጋል። የቲቢ ሕክምና ስትጀምሩ ግፊታችሁ ከፍ ካለ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላልና የግፊት መድኃኒት እንደምትወስዱ ተናገሩ። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ በተቃራኒው ነው፣ መድኃኒቱ እንዲከማች አድርጎ ግፊትን ከልክ በላይ ያወርዳል። የወገብና የጉልበት ማስታገሻዎች፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ ሰው እንደ ከረሜላ ነው የሚወስዳቸው፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ከኢናላፕሪልና ከሽንት ክኒኑ ጋር ሲደራረቡ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ለሕመም መጀመሪያ ፓራሲታሞልን ጠይቁ። ጨው ደም ውስጥ ያለውን መድኃኒት ብዙም አይቀንሰውም፣ ግን የሠራውን ያፈርስበታል። ሽሮው ሲዘጋጅ የገባበትን ጨው ረስቶ ወጡ ላይ ደግሞ የሚጨምር ቤት ብዙ ነው። ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት የሚወስዱም አሉ፣ ብሉት፣ ግን ክኒኑን አስጥሎ በቦታው እንዳይገባ። ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት ለፅንሱ አደገኛ ስለሆኑ ቶሎ ወደ ሐኪም ትሂድ፣ በእርግዝና የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ።

ጾም ላይ የሚያቋርጡ አሉ። በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ከጾም ጋር አይጣላም። ጾሙ የሚፈታበትን ሰዓት ወይም ለረመዳን የሚጾም ሰው ሱሁርን ወይም አፍጥርን መያዝ ይችላል። የሽንት ክኒን ያላችሁ ግን ጾሙ ሳይገባ ሐኪም አማክሩ፣ የአዳማ ሙቀት ላይ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ከእሱ ጋር ሲደመር ያዞራል። ጸበል የሚሄዱም መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። መጠመቁና መዋጡ አብሮ ይሄዳል፣ ሰባት ቀን ሳይወስዱ ቆይተው በስትሮክ ተይዘው የመጡ እናት አይቻለሁና ይሄን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ክኒኑን ደግሞ ባጃጅ ኪስ ውስጥ ወይም መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ከ30 ዲግሪ በታች፣ ደረቅ ቦታ።

ስትሪፑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

እናቴ በአንድ ወቅት ከአንድ መድኃኒት ቤት በ5 ፋንታ የ10 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ተሰጣት። ስሙ ያው ነው፣ ከሌላ ፋብሪካ ስለመጣ ቀለሙ ተለይቷል፣ እሷ "ተቀየረ" ብላ ተቀበለች። ሦስት ሳምንት ዋጠችው። ቅዳሜ ቤት ስሄድ ነጠላ ጫማ አድርጋ ተቀምጣለች፣ ጫማዋ እግሯ አልገባ ብሏል። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ፣ ጣቴን ሳነሳ አልተመለሰም። ስትሪፑን አገላበጥኩት፤ 10። ወደ 5 ስትመለስ እብጠቱ ቀስ እያለ ለቀቃት። እኔ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ሆኜ ሦስት ሳምንት አላየሁትም። ስለዚህ አዲስ ስትሪፕ በተቀበላችሁ ቁጥር እዚያው ቆማችሁ ስሙን ሳይሆን ሚሊ ግራሙን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። አሮጌውን ባዶ ስትሪፕ አትጣሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ።

ወዲያው ሆስፒታል

ግፊቱ 180 በ120 አካባቢ ወይም በላይ ሆኖ ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መኮላተፍ፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ክኒን አትቁጠሩ፣ ሂዱ። አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከዛለ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሂዱ። ምንም ምልክት ሳይኖር ቁጥሩ ብቻ ከፍ ካለ ግን አረፍ ብላችሁ ደግማችሁ ለኩ፣ የዛሬውን ዋጣችሁ እንደሆነ አስታውሱ፣ ካልዋጣችሁ ዋጡ፣ ተጨማሪ አትውሰዱ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሐኪም ጋ ድረሱ።

ጋሼ ከ16 ቀን በኋላ ተመለሱ። ስትሪፖቹን እኔ ሳልጠይቅ ባንኮኒው ላይ ዘረጓቸው። ቆጠርን፤ 3 ፍሬ። ትክክል። አብሮ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር፣ የልጅ ልጃቸው በየጠዋቱ ክኒኑ ሳይዋጥ የለካችውን ጽፋበታለች፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት 148፣ 150፣ 146። ወርዷል፣ ግን ገና ነው። "አሁን ሐኪሙ ጋ ይሂዱ ጋሼ፣ ወረቀቱንም ስትሪፑንም ይዘው" አልኳቸው። ሐኪሙ አምሎዲፒኑን 5 ላይ ትቶ ኢናላፕሪል በትንሽ መጠን ጨመረላቸው፣ የኩላሊት ምርመራም አዘዘላቸው። ማዘዣውን ሲሰጡኝ ጣታቸውን አዲሱ ስም ላይ አድርገው "ይሄኛውስ ስንት ሰዓት ይቆያል?" አሉኝ።